ፎር ዊሉ ያስነሳል፤ ማን ያቆማል?

ጥቅምት ላይ ከሮኪ ተራሮች የሚወርደው ብርድ ዴንቨርና አውሮራ ሲደርስ፣ መኪና ሊገዛ የተነሳ ያገራችን ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይዞራል፦ «ፎር ዊሉ ኦቶማቲክ ይሻላል ወይስ በእጅ የሚገባው?» ካምቢዮውን ማለቱ አይደለም። የፊትና የኋላ ጎማዎች አብረው እንዲጎትቱ የሚያዘው ማን ይሁን ነው ጥያቄው፤ ሹፌሩ ማርሽ ስቦ ወይም ቁልፍ ተጭኖ፣ ወይስ መኪናው ራሱ? ሻጩ መልስ አያጣም። ዘመድም አያጣም። ቡና ላይ የተቀመጠው ሁሉ የየራሱ መልስ አለው። እኔ ግን መልሱን ከመስማቴ በፊት የምጠይቀው አለኝ። መኪናው ሥራ የሚሄደው በየት በኩል ነው? መንገዱ ቶሎ ይጠረጋል ወይስ በረዶ እንደተኛበት ይሰነብታል? ጎማው ምን ዓይነት ነው፤ ጥርሱስ ምን ያህል ቀርቶታል? ቁልቁለት ላይ ከፊት ያለው መኪና ድንገት ቢቆም በምን ሊቆም ታስቧል? እነዚህ ሳይጠየቁ የሚሰጥ መልስ ማንን ይጠቅማል?

«በእጅ የሚገባውን የሚያህል የለም» የሚሉትን ላስቀድም። አከብራቸዋለሁ፤ የሚሉትም ከሜዳ ያፈሱት አይደለም። ብዙዎቹ መንዳት የለመዱት አገር ቤት፣ በላንድክሩዘር 70 ወይም በሃይሉክስ ነው። ሐምሌ ላይ መኪናው ዋልካ ውስጥ ሲያዝ ረዳቱ ጭቃው ውስጥ ይወርድና የፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ ያለውን መቆለፊያ ከ«ፍሪ» ወደ «ሎክ» ያዞረዋል። ሹፌሩ አጭሩን ማርሽ ይስባል። መኪናው እያጓራ፣ ጭቃ እየረጨ ይወጣል። ይህን ሲያይ ያደገ ሰው እጁ ባስገባው ፎር ዊል ቢተማመን ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን ያ መኪና ዋልካው ውስጥ ለምን እንደሠራለት አስቦበት ያውቃል? በዚህ ዓይነቱ መኪና ፎር ዊል ሲገባ ትራንስፈሩ የፊቱንና የኋላውን ሻፍት አንድ ላይ ይቆልፋቸዋል። መሐላቸው ዲፈረንሻል የለም፤ ስለዚህ ሁለቱም ሻፍቶች እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። መኪና ሲታጠፍ ደግሞ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ዙር ይሄዳሉ። ጥማድ በሬ ትልሙ ጫፍ ላይ ሲመለስ የውጪው በሬ ረዘም ያለ መንገድ ይራመዳል፤ ሁለቱ በሬዎች እርምጃችሁን እኩል ካላደረጋችሁ ቢባሉ ወይ አንዱ ይጎተታል ወይ ቀንበሩ ይሰበራል። የመኪናው ጎማም ያንን ልዩነት የሚያራግፍበት ቦታ ይፈልጋል። ጭቃ ላይ ችግር የለም፤ ጎማው በትንሹ ይንሸራተታል፣ ውጥረቱም አብሮ ይለቃል። የሐምሌ ጭቃ ከመንደር እስከ መንደር ጭቃ ነው፤ መሐሉ ላይ ደረቅ አስፋልት አይገባበትም። ስለዚህ አንዴ ያስገባ ሹፌር መንገዱ እስኪያልቅ ለማውጣት አይጨነቅም።

ታዲያ አይ-70 አውራ ጎዳና እንዲህ ያለ መንገድ ነው? ከሞሪሰን ተነስቶ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው የአይዘንሃወር ዋሻ የሚወጣ ሹፌር በአንድ ጉዞ ስንት ዓይነት መንገድ ያገኛል? ጠራጊው መኪና አልፎበት ጨው የተበተነበት እርጥብ አስፋልት አለ። ፀሐይ የመታው ደረቅ ቀጥታ አለ። ተራራው ጥላውን የጣለበት፣ ቀኑን ሙሉ ያልቀለጠ ኩርባ አለ። ድልድይ አለ፤ ድልድይ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ደግሞ ደረቅ አስፋልት ይመለሳል። ፎር ዊሉ እንደገባ ይቆይ? ደረቁ ላይ ይወጠራል። ይውጣ? ቀጣዩ ጥላ ስንት ሜትር ላይ እንደሚጠብቅ ማን ያውቃል?

ውጥረት የምለው ነገር ምን እንደሆነ በዓይኑና በእጁ ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ በእጅ ፎር ዊል የሚገባበትን ፒክአፕ ደረቅ ፓርኪንግ ውስጥ በ«ፎር ሃይ» አድርጎ መሪውን ጥግ ድረስ አዙሮ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀስ፤ ጥቂት ሜትር ይበቃዋል። መሪው ይከብዳል። መኪናው ፍሬን የተያዘ ያህል ይገታል። ነዳጅ ሲጨመርለት አንዱ ጎማ አስፋልቱን እየፋቀ ይጮህና ከሥር «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ወደ «ቱ ሃይ» ይመልሰው፤ ብዙ ጊዜ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም እያለ አልጠፋ ይላል። በውጥረት የተነከሰው ጥርስ አልላቀቅ ስላለ ነው። ቀጥ ብሎ ትንሽ ወደ ኋላ ሲሄድ ይለቀዋል። የፋብሪካው መመሪያ መጽሐፍ «ደረቅና ጠንካራ መንገድ ላይ አታስገቡ» ብሎ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው። ያንን መጽሐፍ ከመኪናው ኪስ አውጥቶ ያነበበ ስንት ሰው አለ? ሻጩስ ቁልፉን ሲያስረክብ ይህን ተናግሮ ያውቃል?

«ምን ቸገረኝ፣ በረዶ ሳይ አስገባለሁ፣ ሲያልቅ አወጣለሁ» የሚል መልስ ይመጣል። ማስገባቱ በእርግጥ ከባድ አይደለም። የዛሬዎቹ ብዙ ፒክአፖች እየሄዱ ከ«ቱ ሃይ» ወደ «ፎር ሃይ» ይቀየራሉ፤ ቶዮታ ታኮማ በሰዓት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ድረስ ይፈቅዳል። እኔን የሚያሳስበኝ እጁ አይደለም፤ ዓይኑ ነው። «በረዶ ሳይ» ማለት ምን ማለት ነው? ሰው በዚህ አገር መንገድ ላይ የሚገለበጠው ነጭ ሆኖ በተቆለለው በረዶ ነው? አሜሪካኖቹ ብላክ አይስ የሚሉት ስስ በረዶ መልክ የለውም፤ ሥሩ ያለውን አስፋልት ስለሚያሳይ እርጥብ መንገድ ይመስላል። ማታ፣ በመኪና መብራት፣ እርጥቡንና የረጋውን የሚለይ ዓይን ያለው ሹፌር ማን ነው? በእጅ የሚገባ ፎር ዊል «ሹፌሩ ይወስናል» ከሚል ሐሳብ ተነስቶ የተሠራ ነው፤ ሐሳቡ የሚቆመው ሹፌሩ ማየት ከቻለ ብቻ ነው። ላልታየ በረዶ አስቀድሞ ፎር ዊል የሚያስገባ ከየት ይመጣል?

ሹፌሩ ባላስገባበት ሰዓት ያ መኪና ምንድን ነው? ከኋላው ላይ ትልቅ «4×4» የሚል ጽሑፍ አለ። እውነተኛው ሁኔታው ግን በኋላ ጎማ የሚገፋ፣ የጭነት ሣጥኑ ባዶ የሆነ፣ ክብደቱ ወደ ሞተሩ ያደላ ፒክአፕ ነው። የሚገፉት ጎማዎች ላይ የተጫነው ክብደት ትንሽ ነው ማለት ነው። በረዶ ላይ ጭራው ለመውጣት ከማንም የሚቸኩለው ይኸው ነው። ታናሽ ወንድም በድፍረት «ፎር ዊል እኮ ነው» እያለ ሲነዳ፣ በዚያች ደቂቃ ፎር ዊል እንዳልሆነ ማን ይንገረው?

እንግዲህ ወደ ኦቶማቲኩ ልሻገር፤ ግን ለእሱም ጥያቄ አለኝ፣ ያውም ለሻጮቹ። «ኦቶማቲክ» የምትሉት የትኛውን ነው? በአንድ ስም ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች ይሸጣሉ። አንደኛው ሁልጊዜ አራቱንም ጎማ የሚነዳ ነው፤ መሐል ላይ ዲፈረንሻል ስላለው የፊትና የኋላው ሻፍት በተለያየ ፍጥነት መዞር ይችላሉ፣ ደረቅ አስፋልት ላይም አይወጠርም። የቶዮታ ፎር ራነር ሊሚትድ ለብዙ ዓመታት የተሸጠው በዚህ መልክ ነው፤ የዚያው መኪና ኤስአር 5 ደግሞ በእጅ የሚገባው ነው። ገዢ ሁለቱን በቀለምና በወንበር ቆዳ ብቻ የሚለያዩ አድርጎ ቢያይ ጥፋቱ የማን ነው? ሁለተኛው ዓይነት በትራንስፈሩ ወይም በኋላ ዲፈረንሻሉ አጠገብ ፍሪሲዮን የተቀመጠለት ነው። የፍሬን መቆጣጠሪያው የሚጠቀምባቸው፣ የየጎማውን ፍጥነት የሚያነቡ ሴንሰሮች ለኮምፒውተሩ ይነግሩታል፤ ኮምፒውተሩ ፍሪሲዮኑን ይጨምቃል፣ ኃይል ወደሚያስፈልገው ጎማ ይሄዳል። «ፎር ኦቶ» የሚል ቁልፍ ያላቸው ትልልቅ መኪኖችም፣ አብዛኞቹ ትንንሽ ኤስዩቪዎችም የዚህ ወገን ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውሮራ ውስጥ አንድ መኪና መሸጫ ጠይቄ ነበር፦ «ይህ መኪና ኃይል የሚያካፍለው ጎማው ከተንሸራተተ በኋላ ነው ወይስ ሳይንሸራተት በፊት?» ሻጩ መልካም ሰው ነበር። የበረዶ ቅንጣት የተሳለባትን ቁልፍ አሳየኝ። ቁልፏ ጠቃሚ ናት፤ የነዳጅ ፔዳሉን ምላሽ ታለዝባለች፣ ሲነሳ ጎማው እንዳይፎክት ታግዛለች። የጠየቅሁት ግን ሌላ ነበር። የቆዩት ሥርዓቶች ጎማው ሲንሸራተት ነው የሚነቁት። ዕቃ መጫኛ በር ላይ፣ የፊቱ ሁለት ጎማ በረዶ የኋላው ደረቅ ላይ የቆመ አሮጌ ኤስዩቪ ሲነሳ ተመልከቱ፦ የፊት ጎማው ግማሽ ዙር ባዶውን ይዞራል፣ ከሥር ጠቅ ይላል፣ ከዚያ ከኋላ ግፊት ይመጣና መኪናው ይዘላል። ቆሞ ለሚነሳ መኪና ግማሽ ዙር ምንም አይደለም። ኩርባ ውስጥ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪናስ? አዲሶቹ የነዳጁን አረጋገጥና የመሪውን አቅጣጫ አይተው አስቀድመው ይዘጋጃሉ፤ ሱባሩ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ መኪኖቹን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ባለ አራት ጎማ፣ ማለትም አራቱንም የሚነዱ፣ አድርጎ ገበያ የያዘውም ያለ ምክንያት አይደለም። የሁለቱ ልዩነት ለበረዶ ነጂ ትልቅ ከሆነ፣ በመሸጫው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስለ ስክሪኑ ስፋት ሲዘረዝር ይህን ለምን ይዘለዋል?

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ፍሪሲዮን ያለው ኦቶማቲክ የአራቱ ጎማዎች ዙሪያ እንዲመጣጠን ይፈልጋል። ሱባሩ የሚፈቅደው የዙሪያ ልዩነት ሩብ ኢንች ብቻ ነው። አንድ ጎማ ሚስማር በልቶት የማይጠገን ከሆነ፣ ሦስቱ ደግሞ ግማሽ ያለቁ ከሆኑ፣ አንድ አዲስ መግዛት አይበቃም ማለት ነው፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ የትንሹን ጎማ ፈጣን ዙር መንሸራተት ይመስለዋል፣ ፍሪሲዮኑም ሲጨመቅና ሲሞቅ ይውላል። ያገለገለ መኪና ገዝቶ፣ ያገለገለ ጎማ አንድ አንድ እያደረገ የሚቀይር ሹፌር ይህን ከማን ይስማ? በእጅ የሚገባውም የራሱ ዕዳ አለበት። ቶዮታ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር ፎር ዊል አስገብታችሁ ንዱት ይላል፤ ዘይቱ ሁሉም ዘንድ እንዲደርስ። ሙሉ በጋውን ሳይነካ የቆየ፣ ያለፈው ዓመት የመንገድ ጨው የበላው፣ ፎር ዊሉን የሚያስገባው ትንሽ ሞተር በመጀመሪያው የበረዶ ሌሊት አልገባም ቢል ማን ይወቀሳል?

ፍርዴን አልደብቅም። በሚጠረግ ከተማና አውራ ጎዳና ላይ ለሚነዳ ሰው፣ ማለትም በዴንቨርም በሚኒያፖሊስም በዋሽንግተን ዙሪያም ላለው አብዛኛው ወገናችን፣ ኦቶማቲኩ ወይም ሁልጊዜ አራት ጎማ የሚነዳው ይሻላል። ምክንያቱ ምቾት አይደለም። በዚያ መንገድ ላይ ውሳኔው በየመቶ ሜትሩ ይለዋወጣል፤ ሰው ደግሞ የሚወስንበትን ነገር አያየውም። በእጅ የሚገባው ቦታ አለው፦ ጠራጊ የማይደርስበት የተራራ ጠጠር መንገድ ላይ ለሚኖር፣ ለገበሬ፣ ኪሎ ሜትሮችን ባልተቋረጠ ጥልቅ በረዶ ለሚጓዝ፣ «ፎር ሎው» አስገብቶ ገደል በሚያህል ቁልቁለት ቀስ ብሎ መውረድ ለሚያስፈልገው። እዚያ የተቆለፈ ሻፍት የማይጠራጠር፣ ሴንሰር የማይጠብቅ ኃይል ይሰጣል። እንደ ታሆ ያሉት ወይም የፎርድ ኤፍ-150 ከፍ ያሉ ዓይነቶች «ቱ ሃይ»ንም «ፎር ኦቶ»ንም «ፎር ሃይ»ንም አንድ ላይ ይዘው ይመጣሉ፤ አቅሙ ላለው ከዚህ የሚሻል የለም። ግን አቅሙ ላለው ነው። እና እነዚህን ገዝቶ የበረዶውን ወራት ሙሉ «ፎር ሃይ» ላይ ትቶት የሚነዳ ሰው ምኑን ገዛ?

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ግን ስለ መሄድ ነው። ይህ ክርክር ከተጀመረ ጀምሮ የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። ስለ መቆም ማን ጠየቀ?

ማንኛውም መኪና፣ ቪትዝም ይሁን ታሆ፣ አራት ጎማ ላይ ፍሬን አለው። ፎር ዊል የሚያበዛው የሚጎትቱትን ጎማዎች ነው፤ የሚያቆሙትን አንድም አይጨምርም። ሒሳቡን ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ደረቅ አስፋልትና ጥሩ ጎማ የሚያያዙበት መጠን 0.75 ገደማ ነው፤ የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ወደ 0.25፣ ረግቶ በረዶ የሆነ ውሃ ላይ ወደ 0.1 ይወርዳል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ደረቁ ላይ በ13 ሜትር አካባቢ ይቆማል። የተጠቀጠቀው በረዶ ላይ 40 ሜትር ይፈልጋል። የረጋው ላይ 100 ሜትር ይጠጋል። ሹፌሩ አይቶ እግሩን እስኪያነሳ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት ሌላ 14 ሜትር ይጨመራል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ነው፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ የሚከንፍ ሰው ለፍሬኑ ብቻ 160 ሜትር ገደማ ባዶ መንገድ ከፊቱ ሊኖረው ይገባል። በዚህ ስሌት ውስጥ ፎር ዊል የሚባል ነገር የገባው የት ላይ ነው? የመኪናው ክብደትስ? አልገባም። ትልቅ መኪና በክብደቱ መሬት ይይዛል የሚሉ አሉ፤ በክብደቱ ልክ የሚገፋውም ኃይል እንደሚያድግ ለምን ይረሳል?

ያ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ፎር ዊል መንገዱን ይዋሻል። በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳ መኪና ከመብራት ሲነሳ ጎማው ይፎክትና ሹፌሩን ያስጠነቅቀዋል፦ መንገዱ ይዞኛል እንዳትል። ጥሩ ኦቶማቲክ ፎር ዊል ደግሞ ይህንን ማስጠንቀቂያ ያጠፋዋል። ደረቅ ላይ እንደሚነሳ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ሹፌሩ ያፋጥናል። መንገዱ ምን እንደሆነ የሚያውቀው መጀመሪያ ፍሬን የያዘ ጊዜ ነው። በበረዶ ቀን ጠዋት ከአውራ ጎዳናው ዳር ተንሸራተው ከወጡት መኪኖች መካከል ባለ አራት ጎማ ኤስዩቪና ፒክአፕ ይታጣል? መንገድ የሚነዳ ሰው ይመስክር።

የሚያቆመው ጎማ ነው። በጋም ክረምትም ይሠራል ተብሎ የሚሸጠው ኦል ሲዝን ጎማ ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ እየወረደ በሄደ ቁጥር ላስቲኩ ይጠነክራል። የበረዶ ጎማ ላስቲክ ግን በዚያ ብርድ ውስጥም ልስልስ ሆኖ ይቆያል፤ ጥርሶቹም ላይ ስስ ስስ ስንጥቆች አሉ፣ በረዶውን ነክሰው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ጎማው ጎን ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ካለ በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ካለ ግን የሚናገረው ስለ ጥርሱ ቅርጽ ነው፤ ላስቲኩ ብርድ መቻሉን አይመሰክርም። ጎማው ጎን ላይ በአውራ ጣት ተፈልጎ በአንድ ደቂቃ የሚነበበውን ይህን ምልክት ስንቶቻችን አይተነዋል? መኪና ስንገዛ ሞተሩን እናስነሳለን፣ የጭስ ማውጫውን እናሸታለን፣ ኪሎ ሜትሩን እናነባለን። ጎማው ዘንድ ለምን አንጎነበስም?

«የበረዶ ጎማ ውድ ነው» ለሚል ሰው ጥያቄዬ አጭር ነው። የበረዶ ጎማው በሚሠራባቸው ወራት ሌላው ጎማ ጋራዥ ውስጥ ተኝቶ አያልቅም፤ ሁለቱ ተራ በተራ ስለሚያልቁ ብዙው ወጪ የተራዘመ ዕድሜ ነው። ፎር ዊል ያለውን ከሌለው የሚለየው የዋጋ ልዩነት ግን በመጀመሪያው ቀን ይከፈላል፣ በነዳጅም በየዓመቱ ይከፈላል። ጥሩ የበረዶ ጎማ ያለው የፊት ጎማ ነጂ ኮሮላ በተጠረገ ከተማ ውስጥ ያለቀ ጎማ ካለው ኤስዩቪ በደህና ይቆማል። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ቤተሰብ የቱን ያስቀድም? እኔ ጎማውን እላለሁ፤ ያለ ማመንታት። መኪና ተከራይቶ መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌርስ? የመኪናው ባለቤት ጎማውን እንዲቀይርለት ውሉ ላይ ተጽፏል? ካልተጻፈ፣ ሌሊት ከኤርፖርት ወደ ቬይል ተራራ ቤተሰብ ጭኖ የሚወጣው ሰው በማን ኃላፊነት ነው የሚወጣው?

ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ደግሞ ከፎር ዊሉ በላይ የሚጠየቅ አንድ ነገር አለ፤ የመኪናውን መንሸራተት የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክ ስታቢሊቲ ኮንትሮል አለው ወይ? መኪናው ሹፌሩ ወዳላዞረው አቅጣጫ መንሸራተት ሲጀምር ይህ ሥርዓት አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዛል፣ መኪናውን ወደ መስመሩ ይመልሳል። አሜሪካ ውስጥ ለቀላል መኪኖች ሁሉ ግዴታ የሆነው ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት ጥናቶች ብቻቸውን የሚጋጩ ወይም የሚገለበጡ መኪኖችን የሞት አደጋ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ከዚያ በፊት የተሠራ ትልቅ ፎር ዊል በርካሽ ሲገኝ ብዙዎች ይደሰታሉ። ርካሽ ያደረገው ይኸው ሥርዓት መጉደሉ ቢሆንስ?

አሁን ወደ ሕጉ። ኮሎራዶ በአይ-70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው ተራራማ ክፍል ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የሚሠራ ሕግ አላት። በእጅ የሚገባም ይሁን ኦቶማቲክ፣ ባለ አራት ጎማ መኪና የጎማው ጥርስ 3/16 ኢንች፣ ማለትም 5 ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ ያልፋል። የሕጉን በጎ ጎን አልክድም፤ ቢያንስ የጥርሱን ጥልቀት ይጠይቃል። ግን የላስቲኩን ዓይነት ለምን ከባለ አራት ጎማው ላይ አልጠየቀም? ማዕበሉ ሲጠነክር፣ መንገዱ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው፣ ሁሉም መኪና ሰንሰለት እንዲያስር ይታዘዛል፤ ከዚህ ትእዛዝ ነጻ የሚሆነው በቂ ጥርስ ያለው ባለ አራት ጎማ ብቻ ነው። አዲስ የበረዶ ጎማ የገጠመው የፊት ጎማ ነጂ መኪና ሰንሰለት ያስራል፤ ብርድ ያጠነከረው ኦል ሲዝን ያለው ፎር ዊል ግን እንዳሻው ያልፋል።

የካናዳዋ ኩቤክ በሌላ መንገድ ሄደች። ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 በአውራጃዋ የተመዘገበ ማንኛውም የቤት መኪናና ታክሲ የበረዶ ጎማ የመግጠም ግዴታ አለበት። ስንት ጎማ እንደሚነዳ አይጠየቅም። ስዊድንም ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ በረዶ በያዘ ጊዜ የበረዶ ጎማ ታስገድዳለች። ሁለቱም ከበረዶ ጋር ለትውልድ የኖሩ ናቸው፤ ፎር ዊልም ብርቃቸው አይደለም። ታዲያ ሕጋቸውን ጎማው ላይ ሲመሠርቱ ኮሎራዶ ለምን ሻፍቱን አስበልጣ አየች? የኩቤክ ሹፌር የሚያወጣውን ወጪ የኮሎራዶው ሹፌር ለመሸከም አይችልም ተብሎ ነው? ወይስ ባለ አራት ጎማ መኪና ራሱ ደኅንነት ነው የሚለው የማስታወቂያ ወሬ ሕግ አውጪዎቹም ዘንድ ደርሷል?

ከአይዘንሃወር ዋሻ ምዕራብ በር ወጥቶ ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው መንገድ ረዥምና ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። እዚያ ማንም አይጎትትም፤ ሁሉም ፍሬን ይይዛል። ሁለት መኪኖች ሰንሰለት በታዘዘበት ቀን ጎን ለጎን ይወርዳሉ እንበል፤ አንዱ ባለ አራት ጎማ፣ ኦል ሲዝን ላይ፣ ሰንሰለት ሳያስር በሕግ የተፈቀደለት፤ ሌላው ሰንሰለት አስሮ ቀስ የሚል ትንሽ መኪና። ከፊታቸው ልጆቻችሁን የያዘ ተሽከርካሪ ቆሟል። ከኋላው የሚመጣው የቱ እንዲሆን ትመርጣላችሁ? ሕጉስ የቱን ነው ያመነው?